የሁለት ባላ ጣጣ

በከተማችን ኮምፒውተር የሚሞተው በሰው አፍ ነው። ስክሪኑ ጠቆረ ማለት አለቀ፤ በአካባቢው ያለ ሁሉ፣ የሞባይል ካርድ ሊገዛ ጎራ ያለውም ሳይቀር፣ አንዴ አንገቱን አስግጎ ያይና ፍርዱን ይሰጣል። «ቪጂኤው ሞቷል።» ትንሽ እውቀት የቀመሰው ደግሞ፣ «ማዘርቦርዱንም ይዞት ሳይሄድ አይቀርም» ብሎ ያክልበታል። ማን ጠየቀው? ማንም።

የሚያናድደኝ የፍርዱ ጥድፊያ ነው። መጀመሪያ ሪስታርት ይሞከራል። ቀጥሎ አንዱ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ከዚያ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ ስክሪኑ ሳይታይ ምኑ እንዴት ፎርማት እንደሚደረግ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ሞት። ይህ ሁሉ የታዘዘ ማኪያቶ እስኪመጣ ድረስ ያልቃል።

እኔ ግን ከእነዚህ ሟቾች ብዙዎቹ በሕይወት እንዳሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ሥራ ላይ ናቸው። ሥዕላቸውን አስተካክለው፣ ቀለሙን ሳያጓድሉ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ እየላኩ ነው። የሚልኩት ግን ማንም ገመድ ባልሰካበት ቀዳዳ ነው።

ነገሩ ከአባቶች ምክር ይጀምራል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለውናል። የኮምፒውተር ሠሪዎች ተረቱን ሰምተውት አያውቁም ይሆናል፤ ፈጽመውታል ግን። ዛሬ ከመርካቶ የሚገዛ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ውስጥ ሥዕል የሚያወጡ ሁለት ነገሮች ሊገኙ ይችላሉ። አንዱ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተወለደው፣ ሰዉ «ኦንቦርድ» የሚለው ነው። ሌላው ባለቤቱ እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ገዝቶ የሰካው ካርድ ነው። ይኸው ሁለት ባላ! አባቶች ያልነገሩን ሁለቱ ባላዎች እርስ በርስ የተጣሉ እንደሆነ የተንጠለጠለው ሰው ምን እንደሚሆን ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው፤ ኮምፒውተር በኛ አቆጣጠር አይገባውም) ቪጂኤ ካርድ በአብዛኛው ለብቻው የሚሰካ ዕቃ ነበር። ካርድ የሌለው ሰው ስክሪኑ ጌጥ ነው፤ ዳንቴል ቢያለብሰው ያምርበታል። በ1998 ኢንቴል «740» የተባለ የግራፊክስ ቺፕ ይዞ ከካርድ ሻጮቹ ጋር ሊፎካከር ወጣ። ገበያው ፊት ነሳው። በዓመቱ ካርዱን ተወና ሙያውን «810» በተባለው ቺፕሴቱ ውስጥ ከተተው፤ ማዘርቦርድ የገዛ ሁሉ ሳይጠይቅ ግራፊክስ ደረሰው። ለብቻው አልሸጥ ያለ ነገር በሌላ ዕቃ ተቋጥሮ ሲመጣ የሚመልሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ግራፊክሱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ገባ። በ2010 ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ማሸጊያ ተቀመጠ። በ2011 ሳንዲ ብሪጅ በተባለው ትውልድ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ሲሊከን ላይ ታተመ። ቦርዱን ለቆ ከሄደ ይኸው ስንት ዘመኑ፤ እኛ አሁንም ኦንቦርድ እንለዋለን።

በቀበሌ ቤት ከደባል ጋር የኖረ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሳይነገረው ያውቀዋል። ኦንቦርዱ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ የነበረ ደባል ነው። የራሱ ጓዳ የለውም፤ ከዋናው ራም ላይ 32፣ 64፣ ሲያሻውም 128 ሜጋባይት እየቆነጠረ ይኖራል። ጠቅላላው ራም 512 ሜጋባይት በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ጉርሻ አልነበረም። ተሰኪው ካርድ ደግሞ የራሱን ሜሞሪና የራሱን ፋን፣ አንዳንዱም የራሱን የኃይል ገመድ ጭምር ይዞ፣ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ የገባ ደባል ነው። ሁለቱም ጨዋ ናቸው። ለየብቻ ቢኖሩ ሰፈር የሚመሰክርላቸው ናቸው። ጠቡ የሚነሣው ቆጣሪው አንድ በመሆኑ ነው።

ቆጣሪው ምን መሰላችሁ? ኮምፒውተር ገና ሲበራ፣ ዊንዶውስ ከእንቅልፉ ሳይነሣ፣ ባዮሱ ሥዕል የሚያሳየው በቪጂኤ ሥርዓት ነው፤ አይቢኤም በ1987 ያወጣው። በዚያ ሥርዓት ከ640 ኪሎባይት በላይ ያለችው 128 ኪሎባይት የሜሞሪ ስፍራ ለሥዕል የተከለለች ናት። አድራሻዋ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ካርድ እኩል «የኔ ናት» ቢል መግባባት አይቻልም። ስለዚህ ባዮሱ አንዱን ዋና አድርጎ ይሾማል። ሌላው ዊንዶውስ ተነሥቶ ድራይቨር እስኪሰጠው አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። አንዳንድ ማዘርቦርድ ደግሞ ካርድ ሲሰካበት ኦንቦርዱን ጭራሹን ያጠፋዋል፤ ቀዳዳው ግን ጀርባው ላይ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ገመድ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ እየሣቀ።

ይባስ ብሎ ከ2019 ጀምሮ ኢንቴል አንዳንድ ፕሮሰሰሮችን ግራፊክሳቸውን ዘግቶ፣ ቁጥራቸው መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የምትል ፊደል ለጥፎ ይሸጣል። በሩ አለ፣ ደባሉ ለቋል። ያቺን ፊደል ሳያይ የገዛ ሰው ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ሥዕል ሲጠብቅ ያረጃል።

የሹመቱ ነገር የሚወሰነው ባዮስ ውስጥ ባለች አንዲት መስመር ነው። በአሮጌዎቹ ማሽኖች «ኢኒት ዲስፕሌይ ፈርስት» ትባላለች፤ በአዲሶቹ «ፕራይመሪ ዲስፕሌይ»። ገብተህ «ኦንቦርድ» ወይም «ፒሲአይ ኤክስፕረስ» ብለህ ትመርጣለህ፤ መምረጥ የሰለቸው «ኦቶ» ብሎ ለማሽኑ ይተውለታል። እስቲ ልብ በሉልኝ፤ ያቺን መስመር ለማስተካከል ስክሪኑ መታየት አለበት። ስክሪኑ ያልታየው ደግሞ ያቺ መስመር ስላልተስተካከለች ነው።

ሰፈራችን ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት አለ። ጥር ሲገባ እንቅልፍ አያውቅም። ዐቢይ ጾም ሳይደርስ ማግባት ያለበት ሁሉ የሚያገባው ያኔ ነውና ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ ይከመርበታል። ሙሽሪትን በልብ ቅርጽ ውስጥ የሚያስገባት እሱ ነው። ሙሽራውን ፏፏቴ ላይ የሚያንሳፍፈው፣ ሚዜዎቹን በስሎው ሞሽን የሚያስኬድ፣ የአማትየውን ፊት ደግሞ በፍጥነት የሚያሳልፍ እሱ ነው። «ይህ ሁሉ በኦንቦርድ አይገፋም» ብሎ ያገለገለ ካርድ ገዛ። ሰካ፣ ድራይቨሩን ጫነ፣ ሠራለት። ፏፏቴው ሳይንቀራፈፍ ይወርድ ጀመር።

አንድ ማታ መብራት ሄደች። ይህ ዜና አይደለም። ዜናው ስትመለስ የሆነው ነው። ፋኑ ዞረ፣ የኪቦርዱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች፣ ሃርድ ዲስኩ አጉረመረመ፤ ስክሪኑ ግን «ኖ ሲግናል» ብሎ ጋደም አለ።

ጠዋት ስደርስ ሸንጎው ሙሉ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «ቪጂኤው ሞቷል» ብለው ጨርሰዋል። የፕሌይስቴሽን ቤቱ ልጅ፣ «ቮልቴጅ ነው የበላው፤ እኔም ጋ አንድ ቲቪ ሄዷል» ይላል፤ ሐዘኑ ከልብ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ ካርዱን «ለእስፔር» በስንት እንደሚሸጥለት ከወዲሁ ይጠይቃል።

በሩ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙት የአንዷ ሙሽራ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ የመልሱ ካሴት ደረሰ ወይ? አሜሪካ ላለችው እኅቴ በሰው ልልክላት ነው፤ መንገደኛው ዛሬ ማታ ነው የሚበረው።»

ካሴት ከጠፋ ስንት ዓመቱ ነው፤ እሳቸው ጋ ግን አልጠፋም።

«ማዘር፣ ትንሽ ችግር ገጥሞን ነው፤ ማዘርቦርዱ ሳይሆን አይቀርም።»

«እኔን ደግሞ በምን አስገባኸኝ?»

ይህን ጊዜ ነው የተጠራው ባለሙያ የደረሰው። ጠና ያለ፣ ዝምተኛ፣ ኪሱ ውስጥ አንዲት ባለ ሁለት ጫፍ ጠመንጃ መፍቻ ብቻ የያዘ ሰው ነው። ሸንጎው ተራ በተራ ምርመራውን ነገረው። እሱ «እሺ» «አሃ» እያለ ሁሉንም በአክብሮት ሰማና ለማንም ሳይመልስ ጠረጴዛውን ወደ ፊት ስቦ ከኋላው ገባ። የሞባይሉን መብራት አበራ።

የሲስተም ዩኒት ጀርባ ማየት የሚገባው ነገር ነው። አቧራው ጥጥ ሆኗል። ላይኛው ክፍል ላይ የኪቦርዱ፣ የማውሱ፣ የዩኤስቢውና የኔትወርኩ ቀዳዳዎች ተጨናንቀዋል፤ መካከላቸው ሰማያዊው የቪጂኤ ቀዳዳ ቆሟል፤ 15 ጉድጓድ፣ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ካርዶች በሚሰኩበት በኩል፣ ሌላ ያው ሰማያዊ ቀዳዳ አለ፤ እሱ ደግሞ ጋደም ብሎ። የቆመው የኦንቦርዱ ነው፣ የተጋደመው የካርዱ። ገመዱ የተጋደመው ላይ ነው፤ ሁለቱ ብሎኖች ጥርቅም ተደርገው ታስረዋል።

ባለሙያው ብሎኖቹን በጣቱ ፈታ። ገመዱን ነቅሎ ቆመኛው ላይ ሰካው።

ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ጽሑፍ መጣ። እዚያው የነበረ ጽሑፍ ነው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ «ኤፍ1 ተጫን» እያለ ሲለምን ያደረ። ከሥሩ የሰፈረው ቀን 2009 ይላል። በዚያ ዓመት የመልሷ ሙሽሪት አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ብትሆን ነው።

ሚስጥሩ ከዚያ ወዲያ አልከበደም። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫ ይዛ የምታቆይ እሷ ናት። ባትሪዋ ከደከመች ቆይቷል፤ ሶኬቱ ውስጥ መብራት እስካለ ድረስ ግን ማንም ልብ አይላትም። መብራት ስትሄድ ባዮሱ የተነገረውን ሁሉ ረሳና ወደ ፋብሪካ ጠባዩ ተመለሰ። የዚያ ማዘርቦርድ የፋብሪካ ጠባይ ደግሞ «ኦንቦርድ ይቅደም» ነበር። ካርዱ አልሞተም። ከሥልጣን ነው የወረደው።

ባለሙያው ባዮስ ገብቶ ቀኑን አስተካከለ፣ ሹመቱን ለካርዱ መለሰ፣ ባትሪ የሚያመጣ ልጅ ላከ፣ ገመዱን ወደ ቦታው መለሰ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ አልተሸነፉም። «አሁን ይሥራ እንጂ ብዙ አይቆይም» ብለው ወጡ። ይህ ፍርድ ደግሞ ይግባኝ የለውም፤ የማይሞት ካርድ የት አለና።

እስካሁን ያወራሁት ዊንዶውስ ሳይነሣ ስላለው ጠብ ነው። ከተነሣ በኋላ ያለው የድራይቨሮች ጠብ ነው፤ እሱ ደግሞ ሽማግሌ የሚያስቸግር ዓይነት ነው። በኤክስፒ ዘመን የአንዱ ኩባንያ ኦንቦርድና የሌላው ኩባንያ ካርድ፣ እያጉረመረሙም ቢሆን፣ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። በ2007 መጀመሪያ ቪስታ ለሕዝብ ወጣና አዲስ የድራይቨር ሥርዓት ይዞ መጣ፤ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ካርዶች ሁሉ በአንድ ድራይቨር መተዳደር አለባቸው የሚል። ኦንቦርዱ የኢንቴል፣ ካርዱ የኤንቪዲያ ከሆነ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ተለጥፎበት ይቀመጣል። ሁለት ስክሪን ለሁለት ካርድ አስቦ የነበረ ሰው አንዱን ስክሪን ለእንግዳ ክፍል ሰጠ። እንደገና የፈቀደላቸው በ2009 መገባደጃ የወጣው ዊንዶውስ 7 ነው።

ቪስታን ካነሣን አይቀር፣ አሜሪካ ውስጥ ማይክሮሶፍት በተከሰሰበት ጉዳይ በ2008 ይፋ የወጡ የኩባንያው የውስጥ መልእክቶች ነበሩ። ክሱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለተለጠፈው «ለቪስታ ይሆናል» የሚል ምልክት ነው፤ የኢንቴል 915 ኦንቦርድ የቪስታን አዲሱን ጌጥ የመሸከም አቅም ሳይኖረው ምልክቱ ተለጥፎለታል ተብሎ። ከራሱ ከማይክሮሶፍት ኃላፊዎች አንዱ፣ 2,100 ዶላር ያወጣበት ላፕቶፕ ኢሜይል ከመጻፊያነት እንደማያልፍ ለባልደረቦቹ በምሬት ጽፏል። እዚያው ሰነድ ውስጥ በ2007 ከተመዘገቡ የቪስታ ብልሽቶች 28.8 በመቶው በኤንቪዲያ ድራይቨር፣ 17.9 በመቶው በማይክሮሶፍት በራሱ፣ 9.3 በመቶው በኤቲአይ፣ 8.8 በመቶው በኢንቴል ተመዝግቦ ይገኛል። ሦስቱን የግራፊክስ ሠሪዎች ደምሩት፤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ይህን ሳነብ የሰፈራችንን ሸንጎ በግማሽ ማርኩት። «ቪጂኤው ነው» ማለታቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ «ሞቷል» የሚለው ላይ ነው ያጋነኑት።

ወደ ኤዲተራችን ልመለስ። ሥዕሉ ከተመለሰለት በኋላ ቢተወው ምን ነበረበት? «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሆነና ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ ያለችውን «አዲስ ድራይቨር አለ» የምትል ማስታወቂያ እሺ አላት። እሺ ባይላትም ዊንዶውስ 10 አይተውም፤ ሌሊት ራሱ አውርዶ ራሱ ይጭናል። አዲሱ ድራይቨር ሲገባ አሮጌው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ጥቂት ፋይሎች ትቶ፣ ሬጂስትሪ ውስጥ ስሙን አስቀርቶ ይሄዳል። ከዚያ «ኮድ 43» የምትል ነገር መጣች። ትርጉሟ «ዕቃው ራሱ ችግር አለብኝ ስላለ አቁሜዋለሁ» ነው። ዊንዶውስ በደሉን ለሌላ ማላከክ ይችልበታል።

ሌላም የሚያስቀኝ መልእክት አለ። ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ይመለሳል፤ ከሥር «የዲስፕሌይ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ አሁን አገግሟል» ይላል። ዊንዶውስ ካርዱን አንድ ሥራ ሰጥቶ መልስ የሚጠብቀው 2 ሰከንድ ብቻ ነው። 2 ሰከንድ ካለፈ ቀስቅሶ እንደገና ያስጀምረዋል። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው በሕይወቱ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት አያውቅም ብዬ አምናለሁ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። «ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር» የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፤ ሰዉ ዲዲዩ ይላታል። ሴፍ ሞድ ገብተህ ታስነሣታለህ፤ የየትኛውን ድራይቨር ርዝራዥ እንደምታጸዳ ትጠይቅሃለች፣ ትጠርጋለች፣ ማሽኑን መልሳ ታስነሣለች። ኢንተርኔቱን ቀድሞ መንቀል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ አዲሱ ድራይቨር ሳይደርስ አሮጌውን መልሶ ያስገባል። ኤዲተሩ ይህን ሲያደርግ ማዘር አሁንም በሩ ላይ ናቸው። ወንበር ተሰጥቷቸዋል።

ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይህ ሁሉ የማይመለከተው ይመስለዋል። በ2010 ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ የሚባል ዘዴ አወጣ። ቀላል ሥራ ሲሆን ትንሹ ኦንቦርድ ይሠራል፣ ባትሪ ይቆጠባል፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ ትልቁ ይነሣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ላፕቶፖች በአብዛኛው ትልቁ ካርድ ወደ ስክሪኑ የሚወስድ መንገድ የለውም። ሥዕሉን ሠርቶ ለኦንቦርዱ ያስረክባል፤ የሚያሳየው ኦንቦርዱ ነው። ጉልበቱ የአንዱ፣ ፊቱ የሌላው። የኦንቦርዱ ድራይቨር ሲበላሽ ባለብዙ ሺህ ብሩ ካርድ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀራል።

በዊንዶውስ እንደምንም ሄደ። ሊነክስ ላይ ግን የኤንቪዲያ ድራይቨር ኦፕቲመስን አልደግፍ ብሎ ትልቁ ካርድ ያለ ሥራ ባትሪ ይጠጣ ነበር። በሰኔ 2012 ሊነስ ቶርቫልድስ፣ የሊነክስ አባት፣ ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ ሲያወራ ከታዳሚዎች መካከል አንዲት ሴት ይህንኑ ጠየቀችው። የሰጠው መልስ ወደ ካሜራው ዞሮ የመሃል ጣቱን ማንሣት ነበር፤ በቃል የጨመረበትን ማዘር ባሉበት አልደግመውም። ኩባንያው የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ ለሕዝብ የከፈተው በ2022 ነው። ጣት ሥራዋን ለመጨረስ አሥር ዓመት ፈጀባት።

በመካከሉ በጎ ፈቃደኞች ችግሩን ራሳችን እንፈታዋለን ብለው ነበር፤ ባምብልቢ የተባለ ፕሮግራም ጻፉ። በ2011 የወጣው የመጫኛ ጽሑፉ ከዩኤስአር ማኅደር ሥር ያለ አንድ የድራይቨር ፎልደር እንዲያጠፋ የታዘዘ ነበር። ጸሐፊው ግን «ዩኤስአር» ከሚለው ቃል በኋላ አንዲት ባዶ ቦታ ጣል አድርጓል። ለኮምፒውተር ባዶ ቦታ የሐረግ መለያ ናት፤ ስለዚህ ትእዛዙን ለሁለት ከፍሎ አነበበውና የሲስተሙ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የሚኖሩበትን ዩኤስአርን ራሱን አጠፋው። ሁለት ካርድ ሊያስታርቅ የመጣ ሽማግሌ ቤቱን አፍርሶ ሄደ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ «ሞቷል» ያሉት አንዴ እንኳ እውነት ይሆንላቸው ነበር።

የማዘር ፍላሽ ማታ ደረሰ፤ መንገደኛው ሻንጣውን ሲዘጋ ነው የያዙት አሉ። ባለሙያው ሒሳቡን ተቀብሎ ሲወጣ ማኪያቶ ጋበዝኩትና ኦንቦርድን ዘግቶ መሄድ አይሻልም ወይ አልኩት።

«ተወኝ እባክህ፤ እሱን ዘግቼ መከራዬን አይቻለሁ» አለኝ።

አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ለካርታ ሥራ ተብሎ ጥሩ ካርድ የተገዛለት ኮምፒውተር እየጠቆረ ሲያስቸግር፣ ባዮስ ገብቶ ኦንቦርዱን ዘጋው፣ ሰላም ወረደ። የሥራ ሪፖርት ጻፍ ስለተባለ፣ «የኦንቦርድ ግራፊክሱ ከአገልግሎት ውጭ እንዲሆን ተደርጓል» ብሎ ፈረመ። ጥቂት ሰንብቶ የንብረት ክፍሏ ኃላፊ አስጠሩት። ሪፖርቱ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ «ከአገልግሎት ውጭ» የሚለው በቀይ ተሰምሮበታል።

«ወንድሜ፣ ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ንብረት ለግምጃ ቤት ተመላሽ ይደረጋል። የታለ?»

«እመቤቴ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው።»

«ማን አስገባው?»

«ፋብሪካው።»

«በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል?»

«ኮምፒውተሩ ገቢ ሲሆን አብሮ ገቢ ሆኗል።»

መዝገቡን ገለጡ። ሲስተም ዩኒት 1፣ ስክሪን 1፣ ኪቦርድ 1፣ ማውስ 1። በኋላ የተገዛው ካርድም በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ከነቁጥሩ ሰፍሯል። ኦንቦርድ የሚባል የለም።

«ስለዚህ» አሉ ኃላፊዋ፣ እስክሪብቷቸውን እያስቀመጡ፣ «መዝገብ ላይ የሌለ ንብረት ነው ከአገልግሎት ውጭ ያደረጉት።»

ባለሙያው ላብ ላብ አለው። የማይታይ፣ የማይነሣ፣ ያልተመዘገበ ዕቃ እንዴት እንደሚመለስ አስቦ አስቦ ሲያቅተው፣ «እመቤቴ፣ ችግር የለም፤ አሁኑኑ ገብቼ መልሼ እከፍተዋለሁ» አለ።

«ያለ ኮሚቴ?»